ከ«ይመጣብሃል» ወደ «ይመጣልሃል»

ባለፈው ዓመት የገና ሰሞን ነው። የምሠራበት ድርጅት የታሸጉ ምግቦችን ያመርታል፤ በዓል በመጣ ቁጥር ባዛር ላይ ቦታ እንይዛለን። የማርኬቲንግ ባለሙያ እንደመሆኔ ቦታውን ማስዋብ፣ ዋጋ መለጠፍና ደንበኛ ማነጋገር የእኔ ሥራ ነው። የዚያን ቅዳሜ ግን የአምስት ዓመት ልጄንም ይዤ ነበር የሄድኩት። ሠራተኛችን ለበዓል አገሯ ገብታለች፣ ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል፣ እናቴ ደግሞ ለቅሶ ላይ ናት። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ምሳውን አወጣሁለት። ማሙሽ ፍርፍሩን ሲያይ አፉን ግጥም አደረገ። ለመንኩት፣ አባበልኩት፣ «አውሮፕላን መጣች» እያልኩ ማንኪያውን አዞርኩለት፤ ወይ ፍንክች! ፊት ለፊቴ ደንበኞች ቆመው ይጠብቃሉ። በዚህ መሃል አንድ ወጣት ፖሊስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በመተላለፊያው ሲያልፍ አየሁና፣ ሳላስበው አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ።

«ብላ! ያ ፖሊስ ይመጣብሃል። ምሳውን የማይጨርስ ልጅ ይወስዳል።»

ሠራ። ሁለት ጉርሻ በላ። እኔም ድል እንዳደረግሁ ሁሉ ፊቴን ወደ ደንበኞቼ አዞርኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስመለስ ልጄ የለም።

እናት የሆነች ሁሉ ያን ጊዜ የሆንኩትን ታውቀዋለች። መጀመሪያ በዝግታ ስሙን ጠራሁ፤ ከዚያ ጮኽኩ፤ ከዚያ ድምፄ ራሱ ጠፋብኝ። በማይክሮፎን ስሙና የለበሰው ሹራብ ተነገረ። ባልደረቦቼ በየበሩ ተበተኑ። ያ ወጣት ፖሊስ ደግሞ ማንም ሳይነግረው መጣና ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ጫማው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀኝ። በሩ ላይ ላሉት ጓደኞቹ በሬዲዮ አሳወቀ። ከዚያ ራሱ በየቦታው ጎንበስ እያለ ስሙን እየጠራ መፈለግ ጀመረ።

አርባ ደቂቃ። ለእኔ አርባ ዓመት ነው።

ያገኘችው ነጠላ የምትሸጥ ሴት ናት። ከእኛ ሃያ እርምጃ እንኳ በማይርቅ ቦታ፣ እስከ መሬት በወረደው የጠረጴዛ ጨርቅ ሥር ትንሽ ጫማ አይታ ጨርቁን ገለጥ ስታደርገው ማሙሽ ጉልበቱን አቅፎ፣ ሁለት እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አቅፌው ትንፋሼ እስኪመለስ ድረስ ከቆየሁ በኋላ ጠየቅሁት። «ስትጠራ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ» አለኝ። «ፖሊሱ ነው የጠራኝ። ምሳዬን አልጨረስኩም እኮ።»

ወጣቱ ፖሊስ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ሁለት ጊዜ በዚያ ጠረጴዛ አጠገብ አልፏል። ሁለቱንም ጊዜ ልጄ ድምፁን ሰምቶ ትንፋሹን ውጧል። ፖሊሱ አንዴ ልጁን፣ አንዴ እኔን አየ። የጉልበቱን አቧራ አራገፈና «ዋናው መገኘቱ ነው እናት» ብሎ ሄደ። በቅጡ እንኳ አላመሰገንኩትም። አፍሬ ነበር።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። «አንቺንም በዚሁ ነው ያሳደግሁሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ገጠር ያደገ ልጅ በጅብ ይስፈራራል፤ እኛ የከተማ ልጆች ደግሞ በፖሊስ። ሰፈራችን ውስጥ ይህን ያላለች እናት አላስታውስም።

ቆየት ብላ ግን ሳቋን አቆመች። እናቴ በ1969 ዓ.ም. የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። የቀይ ሽብር ዘመን ነው። አንድ ሌሊት የአብዮት ጥበቃ አባላት በር አንኳኩተው ታላቅ ወንድሟን «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ይዘውት ሄዱ። አልተመለሰም። አያቴ እስክትሞት ድረስ ማታ ማታ የግቢውን በር ሳትቀረቅር ታድር እንደነበር እናቴ ደጋግማ ነግራኛለች፤ ድንገት ቢመጣ ብላ።

«እኛ ቤት ‹ይወስዱሃል› ማለት ተረት አልነበረም» አለችኝ እናቴ። «ልጅ ለማስፈራራት ብለን የፈጠርነው አይደለም። ፈርተን ነው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አጎቴን የወሰዱት ሰዎችና ልጄን ጎንበስ ብሎ ሲፈልግ የዋለው ወጣት ምንም አያገናኛቸውም። ያ ልጅ በዚያ ዘመን አልተወለደም። ሆኖም ከእናቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ልጄ በምትተላለፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ሰው ሆነዋል።

ደግሞ ነገሩን ሁሉ በድሮ ዘመን ላይ ብቻ ማላከክ አልችልም። የራሴም ቂም አለኝ። ገና ሥራ እንደጀመርኩ ታክሲ ውስጥ ስልኬን በመስኮት ነጠቁኝ። እየተንቀጠቀጥኩ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መዝገብ ላይ የነበረው ሰው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ለምን መስኮት አጠገብ ተቀመጥሽ?» ሲል ጠየቀኝ። ከዚያ «እንደውልልሻለን» አለኝ። የምን ስልክ ኖሮኝ እንደሚደውልልኝ አልጠየቅሁትም። የወንድሜን ቁጥር ሰጥቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬ አልተደወለም።

ከዓመታት በኋላ የመኪናችን ስፖኪዮ ሲሰረቅ ለባለቤቴ «ፖሊስ ጋ ሄደህ ጊዜህን አታቃጥል» ያልኩት እኔ ነኝ። በሌላ ገዝተን ተካነው። ስለዚህ የዚያ ስርቆት መዝገብ የትም የለም። ለፖሊስ ያ ቀን ሰላም የዋለ ቀን ነው።

«አንቺ የማስታወቂያ ሰው ነሽ»

ከገና ሁለት ወር ያህል በኋላ የኮንዶሚኒየማችን የነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ በራችንን አንኳኩ። የአካባቢያችን ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ ከነዋሪው ጋር በቋሚነት መገናኘት ይፈልጋሉ፤ ለስብሰባው ጥሪም በየብሎኩ የሚለጠፍ ፖስተር ያስፈልጋል አሉ። «አንቺ የማስታወቂያ ሰው ነሽ፤ እስቲ አንድ ነገር አድርጊ።» እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ከይሉኝታ ነው።

ማንኛውንም አዲስ ምርት ከማስተዋወቄ በፊት ስለ ምርቱ አነባለሁ፤ ስለ ፖሊስም እንዲሁ አደረግሁ። ያነበብኩት ነገር ከጠበቅሁት በላይ ማረከኝ።

እኛ ጋ ጥንት ወንጀል ሲፈጸም አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ የአካባቢው ሰው ሥራ ፈትቶ ይሰበሰባል። ለሰው ከባድ ጣጣ ቢሆንም፣ የአንዱ ቤት መዘረፍ የሁሉም ጉዳይ ነበር ማለት ነው። አዲስ አበባ ከተማ ስትሆን ደግሞ «የአራዳ ዘበኛ» የሚባሉት መጡ። ዘመናዊውን ፖሊስ በሕግ ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 6 የወጣው ከጣሊያን ወረራ ማግስት፣ በ1934 ዓ.ም. ነው።

በሌላው ዓለም ያገኘኋት አንዲት ታሪክ ደግሞ ለሙያዬ ቅርብ ሆነችብኝ። በ1829 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሮበርት ፒል የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁሙ ዩኒፎርሙ ሰማያዊ እንዲሆን ተደረገ። ወታደሩ ቀይ ይለብስ ስለነበር፣ ሕዝቡ «ጦር አሰማሩብን» ብሎ እንዳይፈራ ታስቦ ነው። እኛ የገበያ ሰዎች ይህን «ማሸጊያ» እንለዋለን። ከማሸጊያው ውስጥ ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጃፓኖች ደግሞ «ኮባን» የሚሏቸው ትንንሽ የሰፈር ፖሊስ ጣቢያዎች አሏቸው። መንገድ የጠፋበት አቅጣጫ የሚጠይቀው፣ የወደቀ ቦርሳ ያገኘ የሚያስረክበው እዚያ ነው። ይህን ሳነብ ማሙሽ ትዝ አለኝ። መንገድ የጠፋበት ሕፃን ወደ ፖሊስ የሚሄድበት አገር አለ፤ የእኔ ልጅ ከፖሊስ ለመደበቅ ነው የጠፋው።

የኢንስፔክተሩ ተስፋ

ኢንስፔክተሩ በሃምሳዎቹ ውስጥ የሚገኙ፣ ፀጉራቸው ገባ ያለ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ቢሯቸው ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የሰፈሩ ካርታ በእጅ ተሥሎ ተለጥፏል። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ እንደማንኛውም ደንበኛ ጠየቅኋቸው። «በዚህ ፖስተር ምን እንዲመጣ ነው የሚፈልጉት? ተስፋዎ ምንድን ነው?»

መልሳቸውን ለመስጠት አልቸኮሉም። «እህቴ፣ ልጅ አለሽ?» አሉኝ።

አለኝ አልኩ። ከዚያ ምን እንዳናገረኝ አላውቅም፤ የባዛሩን ታሪክ ከነምሳው፣ ከነጠረጴዛው ነገርኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

«እንግዲያው ነግረሽኛል» አሉ። «የእኔ ተስፋ አንዲት ፊደል ናት። ‹ይመጣብሃል› የምትለዋ ‹ብ› ተነሥታ ‹ል› እንድትገባ ነው የምፈልገው። ‹ፖሊስ ይመጣብሃል› ሳይሆን ‹ፖሊስ ይመጣልሃል›። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው በዚህ ሥራ። ገና አልቀየርኳትም።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። በሙያዬ ስንት መፈክር ጽፌያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። «ይኼማ ፖስተሩ ላይ በትልቁ ይጻፋል!» አልኩ።

«አይሆንም» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ያቺን ፊደል በወረቀት አትቀይሪያትም። መጀመሪያ በእኛ ይቀየር፤ ከዚያ እናቶች ራሳቸው ይቀይሯታል።»

ቀጥለው ሦስት ነገር ዘረዘሩልኝ። በራሴ አገላለጽ ላስቀምጠው።

አንደኛው፣ ጣቢያ የመጣ ሰው መልስ ይዞ እንዲሄድ ነው። «ንብረቱ ሁልጊዜ አይገኝም፤ እኔ ተአምር አልሠራም። ጉዳዩ የት እንደደረሰ መንገር ግን እችላለሁ። ሰው የሚርቀን ሌባውን ስላልያዝንለት ብቻ አይደለም፤ ስለረሳነው ነው።»

ሁለተኛው፣ ሰው እንዲያመለክትና እንዲመሰክር ነው። «አለቆቼ በዚህ ወር ማመልከቻ ቀነሰ ሲሉኝ ደስ አይለኝም። ወንጀሉ ቀንሶ ነው ወይስ ሰው ተስፋ ቆርጦ? መዝገቡ ይህን አይነግረኝም።» የስፖኪዮው ነገር ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ። በእኛም ሙያ እንዲሁ ነው። የሚያማርር ደንበኛ አያስፈራም፤ ገና ከእኛ ጋር ነው። የሚያስፈራው ምንም ሳይናገር የሚሄደው ነው።

ሦስተኛው፣ የእሳቸው ሰዎች ሲያጠፉ ነዋሪው መጥቶ እንዲነግራቸው ነው። ይህን ሲሉ ከመሳቢያቸው ጠርዙ የተበላ ሕገ መንግሥት አወጡና 19ኛውን አንቀጽ ገለጡልኝ። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ዝም የማለት መብት አለው። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከዚህ ውጪ የሚታሰበው ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። «በጥዋት ተወስዶ ማታ የት እንዳለ የማይታወቅ ሰው እንዳይኖር ነው ይህ የተጻፈው» አሉ። «ይህን እኛም እያወቅን ስንጥስ፣ ሰዉም መብቱን ሳያውቅ ሲያልፈን፣ ፍርሃቱ እንደገና ይወለዳል።»

አጎቴ ትዝ አለኝ። በ1969 ይህ አንቀጽ አልነበረም። ቢኖርም የሚያከብረው ሰው ያስፈልግ ነበር።

ጨዋታው ሲሞቅ ድፍረት አገኘሁና የስልኬንም ታሪክ ነገርኳቸው። «ይህን ሁሉ ሲሉኝ ደስ ይላል፤ እኔ ግን አንድ ቀን መጥቼ የተሰጠኝ መልስ ‹ለምን መስኮት አጠገብ ተቀመጥሽ› የሚል ነው» አልኳቸው። ይከላከላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ያ የሌላ ጣቢያ ነው፣ እኔ አልነበርኩም ማለት እችላለሁ» አሉ። «ዩኒፎርሙ ግን አንድ ነው። እሱ የተናገረውን እኔ ነኝ የተናገርኩሽ። ይቅርታ።»

ለስምንት ዓመት የያዝኩት ነገር በአንድ ቃል ጨርሶ ወጣ ብዬ አልዋሽም። ቀለል ግን አለኝ። ደግሞ ብራንድ ማለት ምን እንደሆነ አንድ ፖሊስ ከማንኛውም መምህሬ በተሻለ እንዳስተማረኝ ተሰማኝ። አንዱ ቅርንጫፍ ያበላሸውን ደንበኛ «የኛ ቅርንጫፍ አይደለም» ቢባል አይሰማም፤ የሚያየው ምልክቱን ነው።

የፖስተሩ ነገር

በሦስተኛው ቀን ረቂቁን ይዤ ሄድኩ። ፈገግ ያለ ፖሊስ፣ ኳስ የያዘ ሕፃን፣ ከላይ «አብረን ለሰላማችን» የሚል ጽሑፍ። ኢንስፔክተሩ በአክብሮት አዩት፤ ከዚያ እስክሪብቶ አንሥተው ጽሑፉን ሰረዙት። በቦታው በእጃቸው እንዲህ ጻፉ።

«ወደ ጣቢያችን መጥቶ ያመለከተ ሰው በሰባት ቀን ውስጥ ጉዳዩ የት እንደደረሰ ይነገረዋል። ካልተነገረው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ይምጣ።» ከሥሩ ስማቸውንና የቢሮ ስልካቸውን።

እንደ ባለሙያ ማስጠንቀቅ ነበረብኝ። «ኢንስፔክተር፣ ቀንና ስም ያለው ቃል አደገኛ ነው። ‹አብረን ለሰላማችን› ብለው ቢያቅትዎ ማንም አይጠይቅዎትም። ሰባት ቀን ብለው ስምንተኛው ቀን ላይ ካልተገኙ ግን ከበፊቱ ይብሳል።»

«አዎ» አሉ። «ለዚያ ነው የምጽፈው።»

ፈገግ ያለውን ፖሊስ ሥዕልም አወጡት። «የኔ ልጆች ሁልጊዜ አይስቁም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያድራሉ» አሉ። ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ጽሑፍ ብቻ ቀረ። በሥራ ዘመኔ ከሠራኋቸው ሁሉ ውበት የጎደለው ፖስተር እሱ ነው። ሰው ቆሞ ያነበበውም እሱን ነው።

ከሦስት ወር በኋላ

ከፖስተሩ ሦስት ወር በኋላ በተደረገው ስብሰባ ግቢያችን ያለው አዳራሽ ሞላ። ኢንስፔክተሩ ንግግር አላደረጉም። እጃቸው ላይ ካለው ወረቀት ቃላቸውን የጠበቁባቸውንና ያልጠበቁባቸውን ጉዳዮች አነበቡ። ያልጠበቁባቸው ጥቂት አልነበሩም። አንዱን በሥራ ብዛት፣ ሌላውን በመርማሪ መቀያየር፣ አንዱን ደግሞ «በስንፍና» አሉ። ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች ሳቁ፤ የተናደደ ግን አላየሁም።

የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ተነሡ። የጋዝ ሲሊንደራቸው ከበረንዳ ከተሰረቀ ሁለት ወር አልፎታል። ብዙ ይናገራሉ ብዬ ነበር። «ሲሊንደሬ አልተገኘም» አሉ። «ሦስት ጊዜ ግን ደውለው የደረሱበትን ነግረውኛል። ዕቃዬን አጣሁ እንጂ አልተናቅሁም።» ይህን ብለው ተቀመጡ።

ሁሉም እንዲህ አላለቀም። አንድ ወጣት ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ተነሣ። ወንድሙ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ሳለ ያለ ምክንያት ተይዞ፣ በጥፊ ተመትቶ፣ ጥዋት እንደተለቀቀ ተናገረ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ኢንስፔክተሩ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጠይቀው ጻፉ። «ረቡዕ ከወንድምህ ጋር ና። ካድበሰበስኩት በሚቀጥለው ስብሰባ እዚሁ ተነሥተህ ጠይቀኝ» አሉት። ሄዱ፤ ቃላቸውን ሰጡ። ጉዳዩ ይህን እስከምጽፍ ድረስ በምርመራ ላይ ነው። የሚቀጥለው ስብሰባ ሲመጣ ወጣቱ መልሶ እንደሚነሣ እርግጠኛ ነኝ፤ ሌሎቻችንም ብንሆን አንረሳም። ኢንስፔክተሩ የሚሉት እምነት ይህ ይመስለኛል። ፖሊስ አያጠፋም ብሎ ማመን አይደለም፤ ሲያጠፋ የምንነግረው ሰውና የምንሰማው መልስ አለ ብሎ ማመን ነው።

ያን ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ የእኔን ድርሻ አሰብኩ። ኢንስፔክተሩ መዝገቡ ላይ ያለውን ሰው ይቀይሩ፤ ምሳ ላይ የምለውን ግን የምቀይረው እኔ ነኝ። ልጅን ማታለል እንደማይገባኝም ገባኝ። ፖሊስ ሁሉ መልአክ ነው ብዬ ብነግረው ሌላ ውሸት ነው።

ስለዚህ ማሙሽን አስቀምጬ በሚገባው ቋንቋ አስተማርኩት። ሙሉ ስሙን፣ የእኔንና የአባቱን ስም፣ የስልኬን ቁጥር እንደ መዝሙር እያዜምን አጠናነው። ከጠፋህ አትሩጥ፣ ባለህበት ቁም አልኩት። ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ካየህ ጠጋ ብለህ ስምህን ንገረው፤ ፖሊስ ካላየህ ልጅ የያዘች እናት ወይም ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው ጠይቅ። የፖሊስ የአደጋ ጊዜ ጥሪ 991 እንደሆነም ነገርኩት፤ በጨዋታ የማይደወልበት ቁጥር መሆኑን ጭምር። ፖሊስ ምሳውን ያልጨረሰ ልጅ አይወስድም፤ እናትህ ዋሽታ ነበር አልኩት። ይቺን የመጨረሻዋን ደጋግሞ አስወራኝ። ደግሞም ዩኒፎርም የለበሰም ሆነ ያልለበሰ፣ ዘመድም ሆነ ባዕድ፣ የሚያስፈራህን ነገር አድርጎ «ለእናትህ እንዳትነግር» ካለህ መጥተህ ንገረኝ አልኩት። አክብሮትና ፍርሃት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልጅ ከዚህ ዕድሜው ቢለይ ይጠቀማል ብዬ ነው።

በመንገድ ላይ የምናገኛቸውን ፖሊሶች ሰላም ማለትም ጀመርን። መጀመሪያ ቀን ከቀሚሴ ኋላ ሆኖ ነው። አንድ ቀን የትራፊክ ፖሊሷ መንገድ ስታሻግረን ቀና ብሎ «ምሳ ያልበላ ልጅ ትወስጃለሽ?» ሲል ጠየቃት። ሴትየዋ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። «እኔ ራሴ ገና ምሳ አልበላሁም» አለችው። እስከ ቤት ድረስ ሲስቅ መጣ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ቤታችን መጣች። ምሳ ቀረበ። ማሙሽ እንደልማዱ ሳህኑን ገፋ። እናቴ ጣቷን አንሥታ «ብላ! ፖሊስ ይመጣብ...» ብላ ጀመረች።

«አያቴ፣ ፖሊስ የሚመጣው ስጠፋ ነው» አላት ልጄ። «ሊፈልገኝ ይመጣልኛል።»

እናቴ ጣቷን ቀስ አድርጋ አወረደች። ለጥቂት ጊዜ በሩን በሩን አየች። ከዚያ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፉ እያስጠጋች እንዲህ አለችው።

«እንደ አፍህ ያድርገው ልጄ።»